እህትዓለም፣ ክንዴ እንደገና መዞር ጀመረ

ይድረስ ለምወድሽ እህትዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄ ጠፋብሽ። ስልክሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ኤርፖርት ስሸኝሽ «ካራቴውን እንዳትተዪ፣ የኔንም ድርሻ ሥሪልኝ» ብለሽኝ ነበር። እኔም እሺ አልኩሽ። ዓመት ሳይሞላ ተውኩት። ሥራው በዛ፣ ልጅ መጣ፣ በቃ ቀረሁ። ስመለስ እነግራታለሁ እያልኩ ዝም አልኩ። ዝምታው ሲቆይ ደግሞ እሱ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለተመለስኩ ነው።

አምና ቀኝ ትከሻዬ ቀስ በቀስ ደረቀብኝ። ፀጉሬን ማበጠር፣ ነጠላዬን ወደኋላ መጣል አቃተኝ። ፊዚዮቴራፒ ስሄድ ባለሙያዋ «ጎንበስ በዪ፣ ክንድሽን ዝም ብለሽ አንጠልጥዪው፣ አሁን ትንሽ ክብ ሥሪ» አለችኝ። የብርጭቆ አፍ የምታህል ክብ ነበረች። ከሳምንታት በኋላ ሳህን አከለች። እየቆየ ቀና ብዬም መሥራት ቻልኩ። አንድ ቀን ጠዋት ሳሎን ቆሜ ቀኜን ሳዞር ግራ እጄ ሳላዘው ተነሣና ከሥር ገባ። ማዋሺ ኡኬ፣ ያ ሁለት እጅ እያዞሩ ቡጢ የሚመክቱበት የካራቴ እንቅስቃሴ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንዴት እንደምንጠላው ትዝ ይልሻል? ያ የቀበሌ አዳራሽ፣ ያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ። እኛ እርግጫ እንፈልጋለን፣ ሴንሴይ፣ አሰልጣኛችን፣ ግማሽ ሰዓት እጅ ያስዞሩናል። «መስኮት ልንወለውል ነው እንዴ የመጣነው?» ትዪኝ ነበር።

አሁን ገባኝ። ቡጢ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ፊት ለፊት ብትመክቺው አጥንት ከአጥንት ይጋጫል፣ ጉልበት ያለው ያሸንፋል። የሚዞረው እጅ ግን ከጎን ነክቶ መንገዱን ያስቀይረዋል። ዙሩ ገና ስላላለቀ ያው እጅ ዞሮ አንጓውን ይይዛል። ለኛ ዓይነት ቀጫጭን ልጆች የሚሆነው ይሄ ነበር እኮ!

ከባዱ ሁለቱን እጆች ማግባባት ነው። አንዱ ከውጭ ዞሮ ትከሻ አጠገብ ይቆማል፣ ጣቶቹ ወደ ላይ። ሌላው ከሥር አልፎ ዳሌ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጣቶቹ ወደ ታች። ከዚያ ትንፋሽ እያወጡ ሁለቱንም መዳፍ ወደፊት መግፋት። ስትሰሚው ቀላል ነው። እጆችሽ ግን እንደ መንታ ናቸው፣ አንዱ የሄደበት ሌላውም ካልሄድኩ ይላል። አያቴ ጥጥ ስትፈትል አስታወስኩ። ቀኟ እንዝርቱን ያሾራል፣ ግራዋ ባዘቶውን ወደ ላይ ይስባል። አንዱ ከቸኮለ ክሩ ይበጠሳል። እሷ ግን እጇን አታይም ነበር፣ ከጎረቤት ጋር እያወራች ነው የምትፈትለው።

እኔም ለየብቻ ጀመርኩ። ቀኝ ብቻ ሃያ፣ ግራ ብቻ ሃያ፣ ከዚያ አብረው፣ በጣም በዝግታ። በሁለቱም ብብቴ የታጠፈ ፎጣ እይዛለሁ። ፎጣው ከወደቀ ክርኔ ከጎኔ ርቋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ፎጣ ሳነሣ አለቀ። ክርን ቦታውን ሲይዝ ግን ዙሩ ከትከሻ ሳይሆን ከወገብ ይነሣል፣ ትከሻዬም አያመኝም።

ሴንሴይ ስለ ሚያጊ ቾጁን ሲያወሩ ጆሮ አንሰጣቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦኪናዋ፣ ናሃ ከተማ የተወለደው፣ ጎጁ ሪዩ የሚባለው የካራቴ ስልት መሥራች። ሳንቺንን ከመምህሩ ከሂጋኦና ካንርዮ ተቀበለ። ቡጢ ተጨብጦ፣ ሰውነት ተወጥሮ የሚሠራው ካታ፣ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የብቻ ልምምድ ነው። በ1921 ደግሞ ቴንሾ የሚባለውን ካታ ሠራ። በቴንሾ መዳፉ ክፍት ነው፣ አንጓው እየዞረ ይፈስሳል። ስሙ ራሱ የሚዞሩ እጆች እንደማለት ነው። ጎጁ ማለት ጠንካራና ለስላሳ መሆኑን ለቢጫ ቀበቶ ፈተና ሸምድደነው ነበር። እኔ ግን ጠንካራውን ብቻ ነው ይዤ የቀረሁት። አሁን ማታ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ቴንሾን እሠራለሁ። የምሰማው ትንፋሼን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ብቻዬን አልሆን አለኝ። ካኪኤ። ቀኝ እግር ለቀኝ እግር ቆመን፣ አንጓ ለአንጓ አነካክተን፣ አንዷ ስትገፋ ሌላዋ እየተቀበለች የምታዞረው። ዓይናችንን ጨፍነን ስንሠራ ልትገፊኝ ስታስቢ ገና ከቆዳሽ አውቅ ነበር። በበሩ መቃን ሞከርኩት። መቃን አይገፋም።

እማማ «እህትዓለም ለገና ትመጣለች» ብለው ነገሩኝ። ቤቴ ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ሶፋውን ግን ወደ ግድግዳ እገፋዋለሁ። ትከሻዬ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ግፊኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ