አንባቢህ የት ላይ ጥሎህ ሄደ?

ወንድሜ፣

ጠፋሁ አይደል? ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን ሰበብ ላቅርብ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና ተውኩት። ሰበብ የለኝም። ዛሬ እጽፍለታለሁ፣ ነገ እጽፍለታለሁ ስል ጊዜው ሄደ፤ ጊዜው በሄደ ቁጥር ደግሞ እፍረቱ እየከበደ መጥቶ ጭራሽ ስምህን ስልኬ ላይ ሳየው ዓይኔን የምመልስበት ደረጃ ደረስኩ። ይቅር በለኝ።

የመጨረሻው መልእክትህ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ እንቅልፍ ማጣት ሦስት ቀን የለፋህበትን ጽሑፍ ኦንላይን ለጥፈህ፣ አማካይ የንባብ ጊዜው 40 ሰከንድ ብቻ መሆኑን አይተህ፣ «ምኔ ነው የሚያስሮጣቸው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ? መልሱን አላውቀውም ነበር። እኔም በዚያው ሰሞን የራሴን ቁጥር አይቼ ቅስሜ ተሰብሯል፤ ምን ብዬ ልምከርህ?

አሁን ጥቂት ነገር ገብቶኛል። በመጀመሪያ ያ 40 ሰከንድ አታሎሃል። እስቲ አስበው፦ ከአሥር ሰው ስምንቱ በ5 ሰከንድ ዘግተው ቢወጡና ሁለቱ ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢቆዩ፣ አማካዩ ያው 40 ሰከንድ ነው። 40 ሰከንድ ያነበበ ሰው ግን አንድም የለም። እና መጠየቅ ያለብህ ስምንቱ በር ላይ ምን አይተው እንደተመለሱ ነው።

ጽሑፍህን ትናንት እንደገና አነበብኩት። (አዎ፣ አስቀምጬዋለሁ።) «እንደሚታወቀው እንቅልፍ ለሰው ልጅ ጤና እጅግ አስፈላጊ ነው» ብሎ ይጀምራል። የሚታወቅ ከሆነ ምን አስነገረህ? ሁለተኛው አንቀጽ የእንቅልፍ ትርጉም ነው። ሦስተኛው «በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው» ይላል። አራተኛው ላይ ስደርስ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ኩሽና ውስጥ በባዶ እግርህ ቆመህ፣ ፍሪጁ ስንት ጊዜ ጮሆ ስንት ጊዜ ዝም እንደሚል ትቆጥራለህ። እዚህ ጋ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ጽሑፉ የሚጀምረው እኮ እዚህ ነው! ከላይ ያሉትን ሦስት አንቀጾች አንተ እስክትሟሟቅ ነው የጻፍካቸው። እኔም ያው ነኝ። አሁን ጽፌ ስጨርስ የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጄ ሸፍኜ ከሁለተኛው ጀምሬ አነባለሁ፤ የጎደለ ነገር ከሌለ ይሰረዛል። ብዙ ጊዜ ምንም አይጎድልም፣ ያናድዳል።

ደግሞ ሰው ስክሪን ላይ እንደ መጽሐፍ አያነብም። ያኮብ ኒልሰን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶው የሚያገኙትን አዲስ ገጽ በዓይናቸው ቃኘት አድርገው ነበር የሚያልፉት። ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ኒልሰንና ባልደረቦቹ የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትለው፣ ብዙዎቹ የላይኞቹን መስመሮች ረዘም አድርገው ካዩ በኋላ የግራውን ጠርዝ ይዘው ቁልቁል እንደሚወርዱ አዩ። የአንቀጽህ የመጀመሪያ ቃላት ትልቁን ሸክም ይሸከማሉ ማለት ነው።

እኛ ላይ ይሄ ይብሳል ባይ ነኝ። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። አምስት መስመር የሚሄድ ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ፣ ወይም ጭራሽ እንዳላደረገ፣ የሚያውቀው አራት ነጥቡ ጋ ሲደርስ ነው፤ አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ሆኖ ያን ያህል ማን ይታገሣል? «ከመሆኑ ጋር ተያይዞ» የሚለውን ነገር ካየሁ አሁን ያለ ርኅራኄ እቆርጠዋለሁ። ረጅም ዓረፍተ ነገር አትጻፍ እያልኩህ አይደለም፣ ይኸው እኔም እየጻፍኩ ነው። ግን ከረጅሙ ቀጥሎ አጭር አድርግ። ይተንፍስ።

ርዕስ ላይ አንለያይም መሰለኝ። «የሚያዩትን አያምኑም» የሚሉትን ሁለታችንም እንጠላቸዋለን። አንዴ ያታለልከው ሰው ሁለተኛ አይከፍትልህም። ጉጉት ሌላ ነገር ነው። ጆርጅ ሎወንስታይን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደጻፈው፣ ጉጉት የሚመጣው በምናውቀውና ልናውቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት መኖሩ ሲሰማን ነው። ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ሰው ክፍተቱም አይታየውም። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ የቀረውን ታስጠብቀዋለህ። የአንተ ፍሪጅ ይህን ያደርጋል፦ ለምን እንደነቃህ ሳትነግረኝ መቁጠር ጀመርክ፣ እኔም ምክንያቱን ፍለጋ እስከ መጨረሻው ወረድኩ። ንዑስ ርዕስ፣ አጭር አንቀጽ ምናምን ታውቀዋለህ፤ ያ ቀላሉ ነው።

ሦስቱን አንቀጾች ጣልልኝና ከኩሽናው ጀምረህ መልሰህ ላክልኝ። በዚያው ሳምንት እመልስልሃለሁ፣ ካልመለስኩ ደውለህ ስደበኝ። እስከዚያው ግን ፍሪጁ አሁንም ይጮሃል ወይስ አሠራኸው?

ያው ጠፊው ጓደኛህ