ወገባችንም የሰው ወገብ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ደብረ ማርቆስ የምማር የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ በሽተኛ ስታነሱ የአልጋውን ጎማ ቆልፉ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ወገባችሁን አትጠምዝዙ ተብለናል። ዋርድ፣ ማለትም በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል፣ ስንገባ ግን የምንሰማው «ቶሎ በሉ፣ አንሱት!» ነው።

ባለፈው ጊዜ፣ ስትሮክ የመታቸው አባት ከትራሳቸው ተንሸራተው ነበር። በብብታቸው ልንጎትታቸው ስንል ጓደኛዬ አስቆመችን፤ እውነቷን ነው፣ የደከመ ትከሻ እንዲህ ሲሳብ ይጎዳል። አንሶላ አጥፈን ከሥራቸው አስገባንና ከአስታማሚ ልጃቸው ጋር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን ወደ ላይ ሳብናቸው። ማንም አላቃሰተም። «እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ» አሉን።

በሽተኛ ማንሻ ማሽን አምጡልን አላልንም። እባካችሁ፣ ተግባር ልምምድ ላይ የምታሠሩን ታላላቆቻችን፣ የተማርነውን እንድንሠራበት ሁለት ደቂቃ ብቻ ታገሡን።

አንዲት ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ