የካርድ ቅናሹ ብቻውን ለሚበላ ሰውም ይድረስ

ለብሪታንያ የውድድርና የገበያዎች ባለሥልጣን
ለንደን

ጉዳዩ፦ የሱፐርማርኬት የደንበኝነት ካርድ ቅናሽ ለጡረተኞችና ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች እንዲመች ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ለንደን ውስጥ ብቻዬን የምኖር የ72 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛም ያወጣሁት እንደ እኔ ያሉ እናቶችና አባቶች አንብበው የራሳቸውን እንዲጽፉላችሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኖቬምበር 2024 ያወጣችሁትን ሪፖርት የእህቴ ልጅ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የአስቤዛ ዕቃዎችን ዋጋ መርምራችሁ፣ በካርድ ዋጋ (የሱቁ የደንበኝነት ካርድ ላለው ብቻ በሚሰጥ ቅናሽ ዋጋ) ከሚሸጡት 92 በመቶው ከተለመደው ዋጋቸው በእርግጥ እንደሚቀንሱ አረጋግጣችኋል። ባያችኋቸው አምስት ሱፐርማርኬቶችም እነዚህን ዕቃዎች በካርድ የገዛ ሰው በአማካይ ከ17 እስከ 25 በመቶ እንደሚተርፈው ጽፋችኋል። ሥራችሁን አከብራለሁ። ብዙ ሰው “መጀመሪያ ዋጋውን ሰቅለው ነው የሚቀንሱት” እያለ ሲጠረጥር ስለኖረ መልሱ ያስፈልገን ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ግን ስለ ዕቃው ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ገዢው ነው፤ ያንን ቅናሽ ለማግኘት ስንት ሰው የሚበላበት ቤት ያስፈልጋል?

ባለፈው ጃንዋሪ ሰፈሬ ካለ ሱፐርማርኬት የዶሮ ጭን ልገዛ ገባሁ። አንዱ እሽግ 3 ፓውንድ ከ75 ፔንስ ነው፤ ካርድ ላለው ደግሞ ሁለቱ በ6 ፓውንድ። ካርድ አለኝ። አንድ እሽግ ብቻ ከወሰድኩ ግን ካርዱ ምንም አይቀንስልኝም፤ ካርድ እንደሌለው ሰው ያንኑ 3 ከ75 እከፍላለሁ። ስለዚህ ሁለት ወሰድኩ። የፍሪጄ ፍሪዘር ከላይ ያለች ትንሽ ሳጥን ናት፤ እሷም በእንጀራ ተሞልታለች። የመጀመሪያውን እሽግ አራት ቀን በላሁት። ሁለተኛው ቀኑ አለፈበትና ጣልኩት። በ3 ከ75 ለሚያልቀው ጉዳይ 6 ፓውንድ አወጣሁ ማለት ነው። ምግብ መጣል ለእኔ የገንዘብ ነገር ብቻ አይደለም፤ ያደግኩት እንጀራ መርገጥ ነውር በሆነበት ቤት ነው። የዚያን ዕለት ያንን ዶሮ ስጥል እጄ እሺ አላለኝም።

በሌላ ሳምንት ከ40 ፓውንድ በላይ ለገዛ 5 ፓውንድ የሚቀንስ ቫውቸር ተላከልኝ። የእኔ የሳምንት አስቤዛ 28፣ ቢበዛ 30 ፓውንድ ነው። 5 ፓውንድ ለማትረፍ ቢያንስ 10 ፓውንድ መጨመር አለብኝ። ሩዝና ሳሙና አይበላሽም፣ እሱን ጨምሪበት ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አምስት ኪሎ ሩዝ በአውቶቡስ ጭኜ ሁለት ፎቅ በደረጃ የምወጣው እኔው ነኝ። ካርዱ በገዛሁት ልክ በሚሰጠኝ ነጥብ አላማርርም። ትንሽ የገዛ ትንሽ፣ ብዙ የገዛ ብዙ ያገኛል፤ ሂሳቡ ግልጽ ነው።

በ2025/26 የበጀት ዓመት ሙሉው አዲሱ የመንግሥት ጡረታ በሳምንት 230 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ለወጣ ሰው ሙሉው መሠረታዊ ጡረታ 176 ከ45 ነበር። ብቻውን የሚኖር ሰው የመብራቱንና የጋዙን ሂሳብ የሚጋራው የለውም። በዚህ አገር ደግሞ እንዲህ የሚኖረው ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው።

አዲስ አበባ ሳለን እናቴ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትገዛው ከአንዲት የጉልት ቸርቻሪ ነበር። አንድ መደብ ብቻ ገዝታ “በይ እንጂ መርቂልኝ” ስትላት፣ ሴትየዋ አንድ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግላታለች። ምራቂውን የምታገኘው ደንበኛ ስለሆነች ነው። ሁለት መደብ ካልገዛሽ አልመርቅልሽም የተባለችበትን ቀን አላስታውስም። እኔም በሰፈሬ ሱፐርማርኬት 22 ዓመት በየሳምንቱ የተመላለስኩ ደንበኛ ነኝ። ደንበኝነቴ የሚለካው ግን በአንድ ጊዜ መሸከም በምችለው ልክ ሆኗል።

ከእኔ በላይ ያለው ቤት የሚኖሩት ጋሼ 83 ዓመታቸው ነው። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ ካርድም አፕም የላቸውም። መመዝገብም አይወዱም። በደርግ ጊዜ ስኳሩንም ዘይቱንም በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው በኩፖን የወሰዱ ሰው ናቸውና “የምበላውን ማን እንደሚጽፈው ሳላውቅ ካርድ አልይዝም” ይሉኛል። ስጋታቸውን አላቃልልም፤ ካርዱ የገዛነውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። ለዚህ ስጋታቸው ግን በየሳምንቱ ይከፍላሉ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ አብረን እንሄዳለን። ሁለቱን እሽግ በእኔ ካርድ ገዝተን፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን በደረሰኙ እንተሳሰባለን። ባለፈው ወር ሆስፒታል ገብተው ሦስት ሳምንት ሲተኙ ግን እኔም ወደ አንዱ እሽግና ወደ ሙሉ ዋጋው ተመለስኩ።

ሪፖርታችሁ ራሱ አረጋውያንና ስማርት ስልክ የሌላቸው እንዳይቀሩ ሱፐርማርኬቶቹ ያለ ኢንተርኔት መመዝገብና መጠቀም የሚቻልበትን መንገድ እንዲያመቻቹ መክሯል። ምክር ነው፤ ግዴታ አይደለም። ካርድ ይዛም ቅናሹ የሚያመልጣትን እንደ እኔ ያለችውን ደግሞ ምክሩ አይነካም።

ሱቅ ለዕቃው የፈለገውን ዋጋ ማውጣት መብቱ ነው የሚለውን ክርክር አውቃለሁ። ሕግ ተጥሷል፣ ቅጡልኝም አልልም። ነገር ግን እዚሁ እንግሊዝ ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ስብ፣ ጨውና ስኳር የበዛባቸውን ብዙ የምግብ ዓይነቶች “አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ” እያሉ መሸጥ ለመካከለኛና ለትልልቅ ድርጅቶች ተከልክሏል። መንግሥት ለጤና ሲል እዚህ ጉዳይ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሐኪሜ ብዪ የሚለኝን ዶሮውን፣ ጎመኑንና ብርቱካኑን ግን አሁንም በሁለትና በሦስት ካልገዛሁ የካርዱን ዋጋ አላገኝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለባለካርድ በሁለት ወይም በሦስት የሚሸጥ ትኩስ ምግብ፣ አንዱን ብቻ ለሚወስድ ባለካርድም በዚያው ሂሳብ (ሁለቱ በ6 ፓውንድ ከሆኑ አንዱ በ3) እንዲሸጥ ለመንግሥት ሐሳብ አቅርቡ። ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። በአፕ ብቻ የሚሰጥ ቅናሽም በፕላስቲኩ ካርድ ወይም በወረቀት ካሸሯ ዘንድ ይገኝ። እንደገና ይህን ጉዳይ ስትመረምሩ ደግሞ የአንድ ሰው ቅርጫት ወስዳችሁ፣ ካርዱ ከዚያ ላይ በሳምንት ስንት እንደቀነሰ ለብቻው ቁጠሩልን።

የስድስት ወር ደረሰኞቼን በየቀኑ ቅደም ተከተል አድርጌ ከእንግሊዝኛው ደብዳቤ ጋር በፖስታ ልኬላችኋለሁ። አንድ ብቻ ስለገዛሁ ያልተቀነሰልኝን በቀይ፣ ገዝቼ የጣልኩትን በሰማያዊ አስምሬበታለሁ። ጋሼም የራሳቸውን ደረሰኞች ሰጥተውኛል፤ ስማቸው እንዳይጻፍ ብቻ አደራ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደቡብ ለንደን አንዲት ጡረተኛ