የ70 ሺህ ማይል ዋስትና አላቸው ተብለው ስለተሸጡልኝ አራት ጎማዎች የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ዲሴምበር 2፣ 2024
ለጎማ መሸጫው ባለቤት
ሰሜን ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ የ144 ዶላር ተመላሽ እንዲደረግልኝና የጎማ ዋስትና ለደንበኛ የሚነገርበት መንገድ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የሱቅዎ ደንበኛ ከሆንኩ 4 ዓመት አልፎኛል። ዘይት የማስቀይረው፣ የፍሬን ሸራ ያስገጠምኩት፣ ባለቤቴም መኪናዋን የምታሳየው እናንተ ጋ ነው። ሠራተኞቻችሁ ገና ከበር ሲያዩኝ ቡና ይቀዱልኛል። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቅሬታዬ በጥላቻ የመጣ እንዳይመስልዎ ነው። ከፍቶኛል። የከፋኝም ስለማምናችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክቶበር 2023 ላይ ለካምሪ መኪናዬ አራት አዲስ ጎማ ልገዛ መጣሁ። የፊት መስታወቴ ላይ የኡበርና የሊፍት ስቲከር ተለጥፏል። ካውንተር ላይ የነበረው ልጅ መኪናዋን ራሱ ነድቶ ወደ ውስጥ ስላስገባት ስቲከሩን ሳያይ አልቀረም። በዚያ ላይ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ፉል ታይም ነው የሚነዱት?» አለኝ። «አዎ፣ በወር 3 ሺህ ማይል ገደማ እሄዳለሁ» አልኩት። «እንግዲያው ይቺን ይውሰዱ» ብሎ ባለ 70 ሺህ ማይሉን አሳየኝ።

አጠገቡ ባለ 50 ሺህ ማይል ጎማ ተደርድሯል። እሱ አንዱ 112 ዶላር ነው። ባለ 70 ሺው 148። ልዩነቱ በአንድ ጎማ 36፣ በአራቱ 144 ዶላር ይመጣል። ለእኔ 144 ዶላር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ እስከ ማታ የምለፋበት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ያውም ቀኑ ከቀናኝ። ስለዚህ አመነታሁ። «ግን እውነት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ጎማው ጎን ላይ ባለው የጥርስ አበላል ደረጃ ጽሑፍ ላይ አሳረፈ። «ይኸው፣ ትሬድዌር 700 ይላል። 700 ማለት 70 ሺህ ማይል ማለት ነው። ካልሄደልዎ ደግሞ ዋስትና አለው። የቀረውን ማይል አስበው ይከፍልዎታል» አለኝ።

ይህን ሁሉ ያስረዳኝ በአማርኛ ነው። እኔም አምኜ ፈረምኩ። ማስገጠሚያውንና ባላንሱን ጨምሮ ታክስ ሳይገባ 692 ዶላር ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ የሚጠበቅብኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። በየ6 ሺህ ማይሉ እየመጣሁ ጎማዎቹን ፊትና ኋላ አቀያይራችሁልኛል። ይህን ሮቴሽን የሚሉትን በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ነው የሠራችሁልኝ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠርቻለሁ። ነፋሱን በየሁለት ሳምንቱ በራሴ መለኪያ እያየሁ የሾፌር በር ላይ በተጻፈው ልክ፣ 35 ፒኤስአይ ላይ ጠብቄዋለሁ። ጎማው ሲያልቅም ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው ያለቀው። አንድ ወገን አልተላጨም፣ መሐሉ ብቻም አልተበላም። ይህን የራሳችሁ ሜካኒክም ተናግሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ኦገስት ላይ፣ 30 ሺህ ማይል ሲሞላው፣ ለአምስተኛው ሮቴሽን መጣሁ። ሜካኒኩ መለኪያውን ጥርሱ መሐል ሰክቶ «4/32 ቀርቶታል» አለኝ። የጎማ ጥርስ ጥልቀት የሚለካው አንድ ኢንች ለ32 ተከፍሎ ነው። አዲስ ሲገጠም 10/32 ነበር። በ30 ሺህ ማይል ስድስቱ ሄዷል ማለት ነው። ደንግጬ «ታዲያ ዋስትናው?» አልኩ። ካውንተር ላይ ያለው ልጅ «ገና ነው ጋሼ። ዋስትና የሚጠየቀው 2/32 ሲደርስ ነው። ጥርሱ መሐል ያለችው የማለቂያ ምልክት መስመር ከጥርሱ ጋር እኩል ስትሆን ይምጡ» ብሎ መለሰኝ። ኦክቶበር ላይ ለስድስተኛው ስመጣም «ትንሽ ቀርታዋለች» ተባልኩ።

እኔም ጠበቅሁ። በላጨ ጎማ ሰው እየጫንኩ ጠበቅሁ።

ክቡር ሆይ፣ ይቺን ነገር ረጋ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ሴፕቴምበር ላይ አንድ ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል፣ አንዲት እናት ከነሕፃን ልጇ ወደ ደለስ ኤርፖርት እየወሰድኩ ነበር። ዝናብ ይጥላል። 66 መንገድ ላይ ነን፤ በ55 ነው የምነዳው፣ አልፈጠንኩም። ውኃ ያቆረ ቦታ ላይ ስንደርስ መሪው እጄ ላይ ላባ ሆነ። ያዞርኩት ይመስለኛል፣ መኪናዋ ግን አልታዘዘችም። ምናልባት አንድ ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ፍሬን አልረገጥኩም፣ እግሬን ከነዳጁ ብቻ አነሳሁ፤ ከዚያ ጎማው መሬት ያዘ። ሴትየዋ ምንም አላወቀችም፤ ልጇ ተኝቶ ነበር። እኔ ግን ኤርፖርት አድርሻቸው ስመለስ ዳር ይዤ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

2/32 ኢንች ማለት 1.6 ሚሊሜትር ነው። ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ልክ እሱ ነው። በዝናብ መንገድ ውኃውን ፈልቅቆ ለማውጣት ግን ጥርሱ ከዚያ በፊት ነው የሚደክመው። 4/32 ላይ ሲደርስ ጎማ መቀየር ይሻላል ብለው የሚመክሩ የሙያው ሰዎች ብዙ ናቸው። ኦገስት ላይ የእኔ ጎማ 4/32 ነበር። እውነቱ ያን ቀን ቢነገረኝ ኖሮ ያን ቀን እቀይረው ነበር። ያዘገየኝ የዋስትናው ተስፋ ነው። ተስፋውን የሰጣችሁኝ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ኖቬምበር ላይ መኪናዋ ዓመታዊ ኢንስፔክሽን ወደቀች። በጎማዋ ነው የወደቀችው። አላለፈችም የሚል ሪጀክሽን ስቲከር ለጠፉባትና እንዳስተካክል 15 ቀን ተሰጠኝ። በእነዚህ ጎማዎች 39 ሺህ ማይል ነበር የሄደችው። በማግስቱ ደረሰኞቼን ይዤ ወደ ሱቅዎ መጣሁ።

ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን አየና ከመሳቢያ አንዲት ትንሽ የዋስትና መጽሐፍ አወጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈች፣ ፊደሏ ደቃቃ። አንዱን መስመር አሳየኝ። ለንግድ ሥራ፣ ለታክሲ፣ ሰው በክፍያ ለማመላለስ የዋለ መኪና የማይል ዋስትና አይሰጠውም ይላል። «ወንድሜ፣ አንተ ኡበር ነህ። ይሄ አንተን አይመለከትም» አለኝ። ቀጥሎም ከስድስቱ ሮቴሽን ሁለቱ መዝገብ ላይ የሉም አለኝ። አዎ፣ የሉም። ሁለቱን ጊዜ ልጆቹ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ነጻ ነው» ብለው ያለ ደረሰኝ ነበር የሠሩልኝ። ያኔ አመስግኜ ነው የወጣሁት። አሁን ያ ደግነት መልሶ ማስረጃ አሳጣኝ።

መጽሐፏን ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ከ13 ወር በፊት፣ «ፉል ታይም ነው የሚነዱት?» ተብዬ ስጠየቅ፣ ያቺ መስመር እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበረች። በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግና እሱን ተከትሎ የመጣው ደንብ ከ15 ዶላር በላይ ለሆነ ዕቃ የዋስትናው ጽሑፍ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ እንዲገኝ ያዛል። ለእኔ ማንም አላሳየኝም። እኔም እንዳለ አላወቅሁም፤ የነገራችሁኝን በቋንቋዬ ሰምቼ በቂ ነው ብዬ ነበር።

ጎማው ላይ ስላለው ትሬድዌር 700ም ቤቴ ገብቼ አነበብኩ። ልጁ የነገረኝ ስህተት ነው። ያ ቁጥር ማይል አይለካም። የሚፈተነው ጎማ ቴክሳስ ውስጥ በሳን አንጀሎ አካባቢ ባለ 400 ማይል ዙር መንገድ ላይ በድምሩ 7,200 ማይል ይነዳል። የጥርሱ አበላል ከአንድ መነሻ ጎማ ጋር ይነጻጸራል፤ መነሻው 100 ይባላል። ከዚያ የቀረው ዕድሜ በስሌት ይገመታል። ደረጃውን ጎማው ላይ የሚጽፈውም አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ 700 የተጻፈበት ጎማ 350 ከተጻፈበት ይበልጥ ይቆያል ተብሎ ይገመታል እንጂ፣ እኔ አርሊንግተን መብራት ላይ እየቆምኩ እየተነሳሁ፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭኜ፣ በጁላይ በጋለ አስፋልት ላይ ስንት ማይል እንደሚወስደኝ አይነግረኝም።

ለጎማውም ፍትሐዊ ልሁን። ጎማው መጥፎ አልነበረም። ያረጀ ዕቃም አልሸጣችሁልኝም፤ ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች 2723 ናቸው፣ በ2023 በ27ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ደለስ የመጠበቂያው ቦታ ላይ ተራ ስንጠብቅ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ስናወራ አብዛኛው ከ35 እስከ 45 ሺህ ማይል ነው የሚለኝ። ባለ 65ም፣ ባለ 80 ሺህም የገዙ አሉ። በእኛ አነዳድ 39 ሺህ ማይል የሚያሳፍር አይደለም። አገር ቤት ታክሲ ስነዳ የሰፈራችን ጎሚስታ ዋስትና የሚባል ነገር ሰጥቶኝ አያውቅም። ጎማውን በእጁ ደባብሶ፣ የምመላለስበትን መንገድ ጠይቆ፣ «ለአንተ መንገድ ይሄን ያህል ወር ቢወስድህ ነው» ይለኝ ነበር። ከእናንተም የምፈልገው ይህንኑ ያህል ነበር። «ጋሼ፣ በእርስዎ ሥራ 40 ሺህ ቢሄድ ነው፤ ዋስትናውም ለኡበር አይሠራም» ብትሉኝ ባለ 112 ዶላሩን ገዝቼ በሰላም እሄድ ነበር።

ዋስትናው ቢሠራልኝ ኖሮ እንኳ ምን ያህል እንደማገኝ አስቤዋለሁ። ከ70 ሺው 31 ሺህ ቀርቷል። ከ148 ዶላር ላይ በአንድ ጎማ 65 ዶላር ከ54 ሳንቲም፣ በአራቱ 262 ዶላር ከ17 ሳንቲም ይደርሳል። ያም ቢሆን በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ አይደለም፤ ከአዲስ ጎማ ዋጋ ላይ ነው የሚቀነሰው። ማስገጠሚያው እንደገና ከኪሴ ነው። «የቀረውን ይከፍልዎታል» ሲባል እኔ የገባኝ እንዲህ አልነበረም።

262ቱን ዶላር አልጠይቃችሁም። ዋስትናውን የሰጠው ፋብሪካው ነው፣ ለንግድ መኪና አልከፍልም ካለ መብቱ ነው። የምጠይቀው 144 ዶላሩን ነው። ያን ልዩነት የከፈልኩት ለ20 ሺህ ተጨማሪ ማይል ዋስትና ብዬ ነው፤ ያ ዋስትና ደግሞ ከገዛሁበት ሰዓት ጀምሮ የእኔ አልነበረም። መኪናዬንም፣ ሥራዬንም አይታችሁ ነው የሸጣችሁልኝ።

ሁለተኛ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሾፌር አንድ ነገር አድርጉ። ደንበኞቻችሁ ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ኡበርና ታክሲ ነው የሚነዱት። ካውንተሩ ላይ አንድ ወረቀት በአማርኛ ለጥፉ። ዋስትናው ለንግድ መኪና ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የሮቴሽን ደረሰኝ ማስቀመጥ ግዴታ መሆኑን፣ ሲከፈል ምን ያህል እንደሚከፈል ይጻፍበት። የንግድ መኪናንም የሚሸፍን ዋስትና ያለው ጎማ ካላችሁ እሱንም ለይታችሁ አሳዩ። ነጻ ለምትሠሩት ሮቴሽንም ደረሰኝ ስጡ፤ ዜሮ ዶላር ተብሎ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ 4/32 ላይ የደረሰን ሾፌር «ገና ነው፣ ጠብቅ» አትበሉ። ኋላ ወንበር ላይ ሰው አለ።

ካውንተር ላይ ያለውን ልጅ እንዲቀጡት አልፈልግም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ያልተማረውን ነው የነገረኝ። አስተምሩት።

የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል ቅሬታ እንደሚቀበል አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለእርስዎ መጻፍ ይገባኛል ብዬ ነው። እስከ ዲሴምበር 20 መልስ እጠብቃለሁ። ስልክ ቁጥሬ ኮምፒውተራችሁ ላይ ተመዝግቧል። ደረሰኝ ያለኝን የአራቱን ሮቴሽን፣ የግዢውን ደረሰኝና የኢንስፔክሽኑን ወረቀት ኮፒ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አሮጌዎቹ አራት ጎማዎች ጋራዤ ውስጥ ናቸው፤ ለክታችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በፈለጋችሁት ቀን ጭኜ አመጣቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የ4 ዓመት ደንበኛችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ