ከተማ ከመሆናችን በፊት ካርታውን እንየው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ ዲካልብ ካውንቲ (በጆርጂያ ግዛት ሥር ያለ፣ እንደ አውራጃ ያለ አስተዳደር) ውስጥ፣ ከሜሞሪያል ድራይቭ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ከልጄ ቤተሰብ ጋር እኖራለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ደብዳቤ የሚመጣልኝ «ዲኬተር፣ ጆርጂያ» ተብሎ ስለሆነ የዲኬተር ከተማ ነዋሪ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቼም እንደዚያው ነግሬአቸዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የማይታወቅ ሰው ከቤታችን ጀርባ ባለው ቦይ ሃያ ያህል አሮጌ ጎማ ጥሎ ሄደ። እኔም ኮቴንና ባርኔጣዬን አድርጌ ወደ ዲኬተር ማዘጋጃ ቤት ገሠገሥሁ። የተቀበለችኝ ልጅ አድራሻዬን ኮምፒውተር ላይ ፈለገችና በታላቅ ትሕትና «እርስዎ እኮ የእኛ ነዋሪ አይደሉም» አለችኝ።

ለካ ዲኬተር የፖስታ ቤቱ ስም ነው። ከተማዋ ራሷ ሃያ አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ ያላት ትንሽ ከተማ ናት፤ በስሟ ደብዳቤ የሚቀበለው ሕዝብ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። «ስቶን ማውንቴን» በሚል አድራሻ ከምትኖሩት ወገኖቼም ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ናችሁ። የምንኖረው በካውንቲው ሥር እንጂ በየትኛውም ከተማ ውስጥ አይደለም። ከንቲባ የለንም፣ የከተማ ምክር ቤትም የለንም። ጎማዎቹን በመጨረሻ ያወጣናቸው እኔና ጎረቤቴ ነን።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች በራችንን ስላንኳኩ ነው። አንዷ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ናቸው፣ ሁለተኛው መንገዱን ተሻግሮ የሚኖር ወጣት። ሰፈሮቻችን ተባብረው ከተማ እንዲሆኑ የአካባቢያችን ተመራጮች በጆርጂያ ምክር ቤት ረቂቅ ሕግ እንዲያቀርቡልን ፊርማ ያሰባስባሉ። ምራቴ ቡና አፍልታ ነበርና ግቡ አልኳቸው። አቦሉ ላይ ስለ ጎማ አወራን። ቶናው ላይ ካርታው ተዘረጋ። ነገሩ የተበላሸውም ያኔ ነው።

አዘጋጅ ሆይ፣ እኔ ቀያሽ ነበርኩ። በአንድ የሸዋ ከተማ ማዘጋጃ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ገመድ ጥያለሁ፣ ችካል ተክያለሁ። በ1967 በእኛ አቆጣጠር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ ቀበሌዎች ሲመሠረቱ፣ የቀበሌ ወሰን በየጉራንጉሩ እየዞርን የለየነው እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ነን። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የነበረ መስመር ድንገት ሲጎብጥ ዓይኔ ያያል። በዚያ ዘመን አለቃችን «እዚህች ጋ ትንሽ ጎበጥ አድርጋት» ይል ነበር። ጎበጥ ያለችበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ ወይ እንዲገባ የተፈለገ፣ ወይ እንዲወጣ።

በዚህ ካርታ ላይ መስመሩ ከነዳጅ ማደያው ተነሥቶ መንገዱን እየተከተለ ይመጣል። ከዚያ የመንገዱ ወዲያኛው ማዶ ያሉትን ሱቆች ለመሰብሰብ ይወጣል፤ ይህ ግብር ስላለው ገባኝ። ቀጥሎ ግን መንገዱን ትቶ ወደ ውስጥ ይታጠፍና አንድ ትልቅ የአፓርታማ ግቢ በጀርባው ዞሮ፣ ግቢውን ብቻውን ውጭ ጥሎ ከወንዙ ጋር ይገናኛል። ያ ግቢ ማን እንደሚኖርበት ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ነው። እኔም አርፌበታለሁ።

«ይህን ማን ጎበጥ አደረገው?» ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ መለሰልኝ፤ በቀና ልብ እንደነበረ እመሰክርለታለሁ። የአፓርታማ ነዋሪ አይመርጥም፣ ብዙው ዜጋ አይደለም፣ ለፖሊስና ለደንብ ቁጥጥር ግን ወጪ ያበዛል፤ እነዚህን ካስገባን የአዋጭነት ጥናቱ ላይ ቁጥሩ ይከፋል አለኝ። መምህርቷ ምንም ሳይናገሩ ሲኒያቸውን እያዩ ቆዩ።

እዚህ ላይ አሠራሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ልግለጽ። ጆርጂያ ውስጥ አንድ ሰፈር ከተማ የሚሆነው በግዛቱ ምክር ቤት ሕግ ነው። ረቂቁን የሚያቀርበው ተመራጭ ነው። በፈረንጆቹ ጥር ሁለተኛው ሰኞ ከሚጀምረውና አርባ የሥራ ቀን ከሚቆየው ጉባኤ በፊት ተመራጮችን ማግባባቱ፣ ካርታውና የአዋጭነት ጥናቱ ይዘጋጃሉ፤ ጥናቱን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲሱ ከተማ ቢያንስ ሦስት አገልግሎት መስጠት አለበት። ረቂቁ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ አገረ ገዢው ሲፈርምበት ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል፤ ድምፅ የሚሰጡትም በመስመሩ ውስጥ የሚኖሩ መራጮች ብቻ ናቸው። መስመሩ የሚሰመረው ከድምፁ በፊት ነው ማለት ነው። ከመስመሩ ውጭ የቀረ ሰው «ለምን አስቀራችሁኝ» ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ሣጥን የለም።

ከአትላንታ በስተሰሜን ያሉት ሰፈሮች ይህን ቀድመው አውቀውታል። ሳንዲ ስፕሪንግስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ምክር ቤቱን ለምና፣ በፈረንጆቹ 2005 ሕጉ ሲያልፍላት ከመቶ 94 ያህሉ መራጭ «ይሁን» አለ። ከዚያ ወዲህ እኛ ካውንቲ ውስጥ ብቻ ደንዉዲ፣ ብሩክሄቨን፣ ተከርና ስቶንክረስት ከተማ ሆነዋል። ተከር ሲጀምር በሦስት አገልግሎት ብቻ ተወስኖ ነበር፤ የመሬት አጠቃቀም፣ የደንብ ቁጥጥርና መናፈሻ። ፖሊሱ የካውንቲው እንደሆነ ቀረ። በደቡብ ዲካልብ ግን ግሪንሄቨን የሚባል ትልቅ ከተማ ለመመሥረት የተጠየቀው ምክር ቤቱን ማለፍ አልቻለም።

በጣም የማስታውሰው ላቪስታ ሂልስን ነው። ኅዳር 2015 በፈረንጆቹ፣ ተከር ባለፈችበት ቀን፣ ጎረቤቷ ላቪስታ ሂልስ በ136 ድምፅ ወደቀች። መቶ ሠላሳ ስድስት! ያ እኛ ያስቀረነው ግቢ ውስጥ ሁለት ሕንፃ ብታንኳኩ የምታገኙት ቁጥር ነው። ዜጋ የለበትም ይሉናል። እኔ ያረፍኩበት ፎቅ ላይ ብቻ የዜግነት መሐላ የፈጸሙ አራት ሰዎች አውቃለሁ፤ ሦስቱ ለመራጭነት ያልተመዘገቡት ያስመዘገባቸው ስላልነበረ ነው። የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ ትኖራለች፤ እዚያ ዜጋ ያልሆነ ሰው የከተማውን ከንቲባ መምረጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በጆርጂያ ያ አይታሰብም፣ እሺ። ነገር ግን የሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ ሁሉም ሰው ይቆጠራል።

የወጪውን ነገር ደግሞ እስክሪብቶ አንሥቼ አሰላሁላቸው። ጆርጂያ ውስጥ ግብር የሚታሰበው በንብረቱ ዋጋ አርባ በመቶ ላይ ነው። አንድ ሚል ማለት ከዚያ ከእያንዳንዱ ሺህ ዶላር አንድ ዶላር ነው። የልጄ ቤት ሁለት መቶ ኀምሳ ሺህ ዶላር ቢገመት አርባ በመቶው መቶ ሺህ ይሆናል፤ አንድ ሚል ቢጣል ለአዲሱ ከተማ በዓመት መቶ ዶላር ይከፍላል። ያውም ለባለቤት ነዋሪ የሚሰጠው ቅናሽ ሳይነሣለት። ግቢው ሃያ ሚሊዮን ቢገመት ግን ስምንት ሺህ ዶላር ያመጣል፤ የነዋሪነት ቅናሽ የሚባል ነገርም አይነካውም። የሰማንያ ቤት ግብር ነው። ያ ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ኪራይ የከፈለ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ሸክም የተባለው ማነው?

ከተማ መሆንን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ፈርሜአለሁ። «ከንቲባ አስመጥተን ሌባ ልንሾም ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ የስቶንክረስትን የመጀመሪያ ከንቲባ ይጠቅሱልኛል። እውነት ነው፣ ሰውየው የኮቪድ ዕርዳታ ገንዘብ መስረቁን አምኖ በ2022 የ57 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ግን ከንቲባ ስለሌለን ንጹሕ ነን ማለት አይደለም፤ የምንጮህበት በር ራቅ ይላል እንጂ። ሰባት መቶ ስድሳ ሺህ ሕዝብ ባለበት ካውንቲ ውስጥ ሃያ ጎማ የማን ጉዳይ ይሆናል?

የፈረምኩት ግን ከስሜ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነው፤ «መስመሩ መንገዱን ይከተል» ብዬ። መምህርቷ ያን አይተው እስክሪብቶዬን ወሰዱና ከራሳቸው ስም ጎንም ያንኑ ጻፉ። በረካውን ጠጥተው ነው የሄዱት።

አሁን አንባቢዎቻችሁን የምለምነው ይህንን ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ እናንተም በር ይመጣሉ። አትሸሿቸው፣ ዝም ብላችሁም አትፈርሙላቸው። ካርታውን ጠይቁ። ሦስቱ አገልግሎቶች የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቁ። ከዚያ ለወረዳችሁ የምክር ቤት አባልና ለሴናተራችሁ ደውሉ፤ ዜጋም ሁኑ አትሁኑ ስልኩ ይነሣል። ለመደወል እንግሊዝኛ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ልጆቻችሁ ይደውሉላችሁ፤ አገራችን በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባል የለ? ካርታው ገና በእርሳስ ነው። ጉባኤው ከተከፈተ በኋላ ግን በቀለም ይሆናል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያን ጉብጠት በእግሬ ዞርኩት። ከግቢው ጥግ እስከ መንገዱ፣ መስመሩን ለማቃናት የሚያስፈልገው ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። የሽማግሌ እርምጃ ስለሆነ ትንሽ ቀንሱለት።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ቀያሽ፣ ከዲካልብ ካውንቲ