ወደ ዊንዶውስ 11 ከመሻገራችሁ በፊት

ሰላም የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ኮምፒውተራችሁ መሥራቱን አያቆምም፤ አዲስ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ግን እንደ በፊቱ አይደፈንለትም።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፎችን የሚይዝ የኮምፒውተሩ ክፍል) ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ባብዛኛው የሚቀበለው 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ኮምፒውተሩ «ቲፒኤም የለም» ካላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የአማርኛ ጽሑፋችሁ ነው። ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም በሌለው የላቲን ፊደል ተሞልቶ ይከፈታል። የእድር መዝገብ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፤ አንጀት ይበላል። እባካችሁ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ፎንቱንም በፍላሽ ገልብጡ።

መብራቱን ታውቁታላችሁ፤ ዊንዶውስ 11 እየተጫነ ሳለ እንዳይጠፋባችሁ። የላፕቶፕ ባትሪ ይሙላ፤ ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ተዋሱ።

ማሽኑ ብቁ ካልሆነም አትጣሉት። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዓይነት) ብትቀይሩት ደግሞ በጣም ይፈጥናል። ሚንትን በፍላሽ ጭኜ አስቀምጫለሁ፤ የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ይዞ ይምጣ።