ቅዳሜ ማታ ሱሉልታ እንገናኝ
ሰላም ወዳጆች፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ሱሉልታ እኛ ግቢ ተሰብስበን ስለ ጨለማ ቁስ (በስበቱ ብቻ ስለሚታወቀው የማይታይ ቁስ) እና ስለ ጨለማ ኃይል (የጽንፈ ዓለሙን መስፋፋት ያፋጥናል ስለሚባለው) እንወያያለን። ሲመሽ ጨረቃ ስለማትኖር ጎረቤታችን የሆነችውን የአንድሮሜዳ ጋላክሲንም እናያለን። በባይኖኩላር የደበዘዘች የጭስ ጠብታ ትመስላለች፤ ግን የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ቬራ ሩቢን ከባልደረባዋ ከኬንት ፎርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ጥናት ከመሃል የራቀው ክፍል የመዞር ፍጥነቱ እንደተጠበቀው እንደማይቀንስ ያሳየችው እዚችው ላይ ነው። የምናየው ቁስ ስበት ብቻውን ያን ሁሉ ይዞ ማቆየት አይችልም፤ ጨለማ ቁስ አለ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዋናው መወያያችን የዴሲ ውጤት ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ያለው ይህ ጨለማ ኃይልን ማጥኛ መሣሪያ (DESI) የጋላክሲዎችን ብርሃን የሚቀበሉ 5,000 የብርሃን ክሮች አሉት። መጋቢት 2017 ላይ ወደ 15 ሚሊዮን በሚጠጉ ጋላክሲዎችና ኳዛሮች (እጅግ ደማቅ የሩቅ ጋላክሲ እምብርቶች) ልኬት ጨለማው ኃይል እየደከመ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ግኝት ለመባል ገና አልበቃም፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ብርዱ ስለማይቻል ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ። ባይኖኩላር ያላችሁ አትርሱ። መሄጃው ከአዲሱ ገበያ በታክሲ ነው። ለመመለሻ አዋጥተን ሚኒባስ እንከራይ ወይስ በየራሳችን? የምትመጡም የማትመጡም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ፣ ወንበር የማዘጋጀው በቁጥራችሁ ነው።